«እናቴ ሞታ አላለቀስኩም»

ደብዳቤው የመጣው ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጸሐፊዋ 38 ዓመቷ ነው፤ የምትተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ነው። ከአምስት ወር በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ በሯ ተንኳኳ። ደጅ የቆሙት የንስሐ አባቷ፣ የአጎቷ ልጅና አራት ጓደኞቿ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። አዲስ አበባ የነበሩት እናቷ ካረፉ አሥር ቀን አልፏቸው ነበር።

ሴቶቹ ጮኹ። እሷ ግን ተነሥታ ቡና አፈላች።

በሳምንቱ ሥራ ገባች፤ ቅዳሜንም ጨምራ ድርብ ፈረቃ ያዘች። ከለቀስተኞቹ አንዷ «አሜሪካ ልቧን አደነደነው» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን እጇ ሳታስበው የእናቷን ቁጥር ይፈልጋል። ስልኩ ዛሬም አዲስ አበባ፣ ወንድሟ ዘንድ አለ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ የ9 ዓመት ልጇ ወተት ቢደፋ፣ ልጁ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸችበት። ጥያቄዋ ሁለት ነው፦ ጨካኝ ነኝ ወይ? ቁጥሩንስ ላጥፋው?

ጨካኝ አይደለችም። ይህ ሳይድበሰበስ መነገር አለበት፤ የዚያች ለቀስተኛ ቃል አምስት ወር ሙሉ ውስጧን ሲበላት ቆይቷልና።

አእምሮ የራሱ ዘበኛ አለው። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1894 ስለዚህ መከላከያ ጻፈ፤ ልጁ አና ፍሮይድ በ1936 ባሳተመችው መጽሐፍ ስልቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘረች። አንዱ መካድ ነው። መካድ ግን እዚህ ላይ ውሸት ማለት አይደለም። ሰውየው ወሬውን ሰምቶታል፣ ቢጠየቅም ይናገረዋል፤ ክብደቱ ግን ገና አልደረሰበትም። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሐዘኑን ጥቂት በጥቂት ያስገባዋል። ሌላው ስልት ስሜትን ከባለቤቱ ወስዶ ሌላ ላይ ማሳረፍ ነው። ለእናቷ ያልወጣው ሲቃ በወተቱ ሰበብ የወጣው ለዚህ ነው።

የዘበኛው ጥቅምም ጉዳቱም በልብ ሕሙማን ላይ ታይቷል። በ1987 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት እንዳገኘው፣ ሕመማቸውን አጥብቀው የካዱት ሰዎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆዩት ከሌሎቹ ላነሱ ቀናት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን የሐኪም ትእዛዝ ባለማክበር የባሱት እነሱ ሆኑ፤ ተመልሰው ሆስፒታል የተኙባቸውም ቀናት በዙ። ያው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠቀመ፣ በዓመቱ ጎዳ።

መርዶ የሚነገርበት ሥርዓታችን ይህን ከጥንት የሚያውቅ ይመስላል። ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ይረዳል፤ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያድር። ከዚያ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘኑ በየቀጠሮው ይመጣል። መርዶው በሥርዓቱ ቢነገራትም፣ እህታችን ቀብሩን አጥታለች። ሬሳ አላየችም፤ አፈር ሲመለስ አልነበረችም። እናቷ ለብዙ ዓመታት የቅዳሜ ጠዋት ድምፅ ሆነው ኖረዋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባዶ የቀረ ወንበር የለም። ባዶ የሆነው ቅዳሜ ነው፤ እሷ ደግሞ ቅዳሜን በፈረቃ ሸፍናዋለች።

ሥራውም ቢሆን ሁሉም ሽሽት አይደለም። በኔዘርላንድ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት፣ በ1999 ባቀረቡት ሐሳብ ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ኑሮው ይመላለሳል፤ መመላለሱም ራሱ የማገገሚያው መንገድ ነው። የሰው እናቶችን ጸጉር እያበጠሩ መዋል ሐዘንን ወደ ደግነት መለወጥም ነው። የሚያሳስበው ወደ አንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ከልጁ ብትጀምር ይበጃል። ይቅርታ ትጠይቀው፤ የተቆጣችው በወተቱ እንዳልሆነ፣ አያቱ ናፍቀዋት እንደሆነ ትንገረው። የቅዳሜውን ፈረቃ ትተወው። አቅሟ ከፈቀደ ለሙት ዓመቱ አዲስ አበባ ትሂድ። እንባው ካልመጣ አታስገድደው። እንቅልፍ እየራቃት ከሄደ፣ ወይም ዓመት አልፎም ሐዘኑ ሥራና ኑሮ ካስፈታት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት አለባት። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን መቁጠር የለም፤ አሜሪካ ውስጥ 988 የተባለው የእርዳታ ስልክ ሌት ተቀን ይሠራል።

ቁጥሩ ይቆይ። ከወንድሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገር፤ በሚመጣው ቅዳሜ እጇ ወደዚያ ቁጥር ሲሄድ አትከልክለው፣ ይደወል። ወንድሟ ያንሣና እናታቸው ያን ቀን ጠዋት ምን እንዳሉ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ የት እንዳረፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንገራት።