ሯጮች ከሩጫቸው በኋላ

ልጆች ሆይ፤ አንድ ቀን ስለ አበበ ቢቂላ ለተማሪዎቼ ስናገር፥ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ ሮጦ ከጨረሰ በኋላስ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ሮጦ የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብለው ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነበረና። እንኳን ልጆች፥ ታላላቆችም ቢሆኑ ሯጩን የሚያስታውሱት ቀድሞ በገባባት በአንዲቱ ቀን ብቻ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ስንት ዓመት እንደ ኖረና በምን ሥራ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ለልጁ በአጭሩ የመለስሁለትን ዛሬ አስፍቼ እጽፍላችኋለሁ። ስለ አገራችን ሯጮች ስናገር ዓመቱን በአገራችን ቍጥር፥ ስለ ውጭ አገር ሯጮች ስናገር ግን በኤውሮጳ ቍጥር አደርገዋለሁና፥ ስታነቡ እንዳትሳሳቱ ልብ አድርጉ።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ አገር ቤት ልጆች ሁሉ ከብት እየጠበቀ፥ ገና እየተጫወተ አደገ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባለ የስዊድን ሰው ሩጫ ያሠለጥን ነበርና፥ አበበን አይቶ ከሚያሠለጥናቸው ሰዎች መካከል አስገባው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ የማራቶን ሩጫ ሆነ። ማራቶን ማለት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚያህል መንገድ ያለ ዕረፍት መሮጥ ነው። አበበ ጫማ ቢፈለግለት ለእግሩ የሚመች ስላልተገኘ፥ በልጅነቱ እንደ ለመደው ባዶ እግሩን ሊሮጥ ቈረጠ። ሩጫው የተጀመረው ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትቀርብ ነበረና፥ ሯጮቹ ጥቂት እንደ ሄዱ ጨለመ። ልብ በሉ፤ ያች ቀን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረች። በአገራችን በየደጁ የዐውደ ዓመት ችቦ በሚበራበት ምሽት፥ በሮማ ደግሞ የኢጣልያ ወታደሮች ለሯጮቹ መንገዱን ለማሳየት ችቦ ይዘው በዳርና በዳር ቆመው ነበር።

በዚያ ዘመን የኢጣልያ ጦር ከአገራችን የወሰደው የአክሱም ሐውልት በሮማ አደባባይ ቆሞ ነበር። የሩጫውም መንገድ በአጠገቡ ያልፍ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቈይቶ፥ ከዚያ ከሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት ጨምሮ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከዚያ አስቀድሞ ከኢትዮጵያ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሰው አልነበረም። ከ24 ዓመት በፊት ሠራዊት ወደ አዲስ አበባ በላከች ከተማ አንድ የኢትዮጵያ ወታደር ያለ ጠመንጃና ያለ ጫማ ብቻውን ገብቶ አሸነፈ ብለው ብዙዎች ተናግረዋል፤ እኔም ይህን ባነበብሁ ቍጥር ደስ ይለኛል። ሐውልቱም ብዙ ዘመን በሮማ ከቈየ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመለሰ።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ በቶኪዮ ሮጠ። ሐኪሞች ትርፍ አንጀቱን ቀድደው ካወጡለት ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። እርሱ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ቀድሞ ገብቶ፥ ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በሦስተኛው ግን፥ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፥ እግሩን ታሞ ስለ ነበረ የመንገዱን እኩሌታ ሳይደርስ አቋረጠ። ያን ቀን ያሸነፈው የአገሩ ልጅ፥ ደግሞም የክብር ዘበኛ ባልንጀራው ማሞ ወልዴ ነው።

ልጁ የጠየቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነውን ነበር። እርሱን ቈይቼ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ሌሎች ሦስት ሰዎች ልናገር።

ኤሪክ ሊደል የስኮትላንድ ሰው ነው፤ የተወለደው ግን አባቱና እናቱ ወንጌል ሊያስተምሩ በሄዱበት በቻይና አገር፥ በ1902 ነው። በኤዲንብራ ሲማር እግረ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። በ1924 በፓሪስ በሚሆነው ኦሊምፒክ 100 ሜትር ሮጦ ያሸንፋል ብለው የአገሩ ሰዎች ተስፋ ያደርጉበት ነበር። ዳሩ ግን የዚያ ሩጫ ማጣሪያ በእሑድ ቀን እንደሚሆን ታወቀ። ሊደልም፥ «እሑድ የሰንበት ቀን ነውና አልሮጥም» አለ። ሰዎች ለመኑት፤ ጋዜጦችም ወቀሱት። እርሱ አልተቈጣም፤ አሳቡንም አልለወጠም። ስለ 100 ሜትሩ ፈንታ፥ በሌላ ቀን ለሚሆነው ለ400 ሜትር ይለማመድ ጀመር። በዚያም ሩጫ በ47 ሰከንድ ከ6 ዐሥረኛ ገብቶ ወርቁን ወሰደ።

በሚመጣው ዓመት፥ ገና የ23 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ በአገሩ የሚያገኘውን ክብር ሁሉ ትቶ ወደ ቻይና ተመለሰ። በቲያንጂን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር፥ ልጆችንም ስፖርት ያለማምድ ነበር። መምህር ሆኖ ለብዙ ዘመን የሠራ ሰው እንደ መሆኔ፥ ይህን የሕይወቱን ክፍል ከፓሪሱ ይልቅ እወደዋለሁ። በፓሪስ የሮጠው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በመምህርነትና በስብከት የቈየው ግን ሃያ ዓመት ያህል ነው።

ከዚያም ታላቁ ጦርነት መጣ። ሊደል ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በ1941 ወደ ካናዳ ሰደደ፤ ኋላ የተወለደችውን ሦስተኛዪቱን ልጁን በዐይኑ አላያትም። በ1943 ጃፓኖች የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው ዌይሺየን በምትባል ስፍራ በእስር ግቢ አኖሯቸው፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር ነበረ። በግቢው ከወላጆቻቸው የተለዩ ብዙ ልጆች ነበሩ። ሊደልም ያስተምራቸው፥ ያጫውታቸውም ነበር፤ ልጆቹም «አጎት ኤሪክ» ይሉት ነበር። የእኛን ገና የሚመስል ሆኪ የሚባል የዱላና የሩር ጨዋታ ነበራቸው፤ ዱላው ሲሰበር ሊደል አንሶላ ቀድዶ ይጠግንላቸው ነበር ይባላል።

በዚያ የነበሩ ሰዎች አንድ ነገር ይናገራሉ። ሊደል በግቢው ጨዋታ በእሑድ እንዳይሆን አድርጎ ነበር። ልጆቹ ግን አንድ እሑድ ዳኛ ሳይኖራቸው ተጫውተው ተጣሉ፤ ተደባደቡም። በሚመጣው እሑድ ሊደል ራሱ ወጥቶ ዳኛ ሆነላቸው። ለወርቅ ብሎ እሑድ አልሮጥም ያለው ያው ሰው፥ ልጆች እንዳይጣሉ ብሎ እሑድ በሜዳ ቆመ። ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ እናንተም አስቡት። ሊደል በራሱ ውስጥ እጢ ወጥቶበት፥ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በየካቲት ወር 1945 በዚያው በእስር ግቢ ዐረፈ። 43 ዓመቱ ነበረ።

ጄሲ ኦውንስ የአሜሪካ ጥቍር ሰው ነው። በ1913 በአላባማ ተወለደ፤ አባቱ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ድኻ ገበሬ ነበረ። በ1936 ክረምት፥ ይህም አገራችን በጠላት እጅ የወደቀችበት ዓመት ነው፥ ወደ በርሊን ሄዶ በ100 ሜትር፥ በ200 ሜትር፥ በርዝመት ዝላይና በዱላ ቅብብል አራት የወርቅ ሜዳይ አገኘ። ሂትለር ነጭ ዘር ከሁሉ ይበልጣል እያለ በሚፎክርበት በገዛ ከተማው ነው። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ በኒውዮርክ በሰልፍ ተቀበሉት። ዳሩ ግን ለእርሱ ክብር ግብዣ ወደ ተደረገበት ታላቅ ሆቴል በገባ ጊዜ፥ ጥቍር ስለ ሆነ ከነጮቹ ጋር ሳይሆን ዕቃ በሚጫንበት አሳንሰር እንዲወጣ አደረጉት። ደህና ሥራም የሚሰጠው አላገኘም። አራት ሜዳይ ደግሞ አይበላም፤ ሚስትና ልጆችም አሉት። ስለዚህ በየከተማው እየዞረ ለገንዘብ ከፈረስ ጋር ይሽቀዳደም ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ ውርደት ቈጠሩበት። እኔ ግን ውርደቱ ልጆቹን ለማብላት ለሮጠው ሰው ነውን፥ ወይስ ሥራ ለከለከሉት ብዬ እጠይቃለሁ። የልብስ ንጽሕና ቤት ከፈተ፥ ከሰረም። ቈይቶ ግን ወጣቶችን የሚመክርና በአገሩ ስም ወደ ልዩ ልዩ አገር የሚላክ ሰው ሆነ፤ በ1980 ሞተ።

ሦስተኛው ሮጀር ባኒስተር ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም። እንግሊዛዊው ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ሳለ፥ በግንቦት 6 ቀን 1954፥ አንድ ማይል የሚያህለውን መንገድ በ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ4 ዐሥረኛ ሮጠ። ከዚያ በፊት ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሩጫውን ትቶ ሐኪም ሆነ፤ ስለ ነርቭ በሽታም ዕድሜውን ሁሉ መረመረ። በሽምግልናው እርሱ ራሱ እጅና እግር የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ ያዘው፤ በ2018 ሞተ። ከሩጫው ይልቅ በሐኪምነቱ እንደሚደሰት ይናገር ነበር።

አሁን ወደ አበበ እንመለስ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት፥ ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ያገኛትን ቮልስዋገን ሲነዳ መኪናዪቱ ተገለበጠች። እስኪነጋም ድረስ ከውስጧ ሳይወጣ ቈየ። የአንገቱ አጥንት ተጐድቶ ነበርና እግሮቹ ከዚያ በኋላ አልታዘዙለትም። በሮማ ድንጋይ ላይ ባዶአቸውን የሮጡት እግሮች ናቸው። ወደ እንግሊዝ አገር፥ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ በዚያም ስምንት ወር ያህል ቈየ። እጆቹ እየዳኑ ሄዱ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። የ36 ዓመት ሰው ነበረ።

በዚያ ሐኪም ቤት አካላቸው የተጐዳ ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ስፖርት ይማሩ ነበር። አበበም ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ። በ1962 ዓ.ም. አካላቸው የተጐዳ ሰዎች በዚያው በእንግሊዝ አገር ሲወዳደሩ እርሱም ከእነርሱ ጋር ተወዳደረ። በቶኪዮ ሰባ ሺህ ሰው ያየው ጀግና፥ አሁን ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያዩበት ሜዳ፥ ገና ባልለመደው ነገር እንደ ጀማሪ ተማሪ ይሳሳት ነበር። ደግሞ በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄደ። ከብት በጠበቀበት አገር በረዶ ምድርን ሸፍኖ አይከርምም፤ እርሱ ግን በዚያ ውሾች በሚስቡት መንሸራተቻ በበረዶ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ተሽቀዳድሞ አንደኛ ሆነ። ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ የመለስሁለት ይህን በመንገር ነበር፤ ያን ጊዜ የሳቁት ጓደኞቹ ሁሉ ዝም አሉ።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በሆነው ኦሊምፒክ በክብር ተጠርቶ ሄደ። በመክፈቻው ቀን በወንበሩ ተቀምጦ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የሆነው ጳጉሜን 5 ቀን፥ ከሮማው በኋላ ልክ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። ያሸነፈው ፍራንክ ሾርተር የተባለ አሜሪካዊ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ማሞ ወልዴም በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሆኖ ገባ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በራሱ ውስጥ ደም ፈስሶ ዐረፈ፤ 41 ዓመቱ ነበረ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ተቀበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በቀብሩ ተገኙ።

አሁን መጽሐፋችሁን ዝጉና ለመምህራችሁ መልሱ። አበበ በሮማ የሮጠባት ሌሊት በአገራችን ምን የሚደረግባት ሌሊት ነበረች? ሊደል በፓሪስ እሑድ ያልሮጠው፥ በእስር ግቢ ግን እሑድ ዳኛ የሆነው ስለ ምንድን ነው? ከሰፈራችሁ ሽማግሌዎች አንዱን፥ በጐልማሳነቱ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሠራ ጠይቃችሁ፥ የነገራችሁን ነገ በሰሌዳችሁ ጽፋችሁ አምጡ።