ካሜራን ከመኪና ጋር ማዋሃድ

ለመወዳደሪያ ሜዳ በተዘጋጀ መኪና ውስጥ የሚታሰር ቪዲዮ ካሜራ ሁለት ሥራ አለበት፤ አሽከርካሪው ያደረገውን በታማኝነት ማሳየት፣ ምንም ቢፈጠር ደግሞ ካለበት አለመንቀሳቀስ። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም የመጀመሪያው ላይ ያውላል፤ ውድ ካሜራ ይገዛና በርካሽ ማሰሪያ ያንጠለጥለዋል። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። በደንብ የታሰረ መካከለኛ ካሜራ፣ ላልቶ ከታሰረ ምርጥ ካሜራ የጠራ ምስል ይሰጣል፤ ሰውም አይጎዳም።

ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ማይክ ሃውቶርን ጃጓር ዲ ታይፕ መኪናው ላይ ካሜራና ማይክሮፎን ተገጥሞለት፣ ፈረንሳይ የሚገኘውን የለ ማን ሜዳ እየዞረ ስለ መንገዱ ሲያስረዳ ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በአውስትራሊያው የባትኸርስት ውድድር ከፒተር ዊሊያምሰን ቶዮታ ሴሊካ ውስጥ ምስል በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ያኔ በርካታ ባለሙያ የሚጠይቀውን ሥራ ዛሬ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ይሠራዋል። ያልቀለለው የማሰሩ ነገር ብቻ ነው።

ለምን እንዳልቀለለ ለመረዳት አጭር ስሌት ይበቃል። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 15 ሜትር ይጓዛል። አጥር ገጭቶ በ0.05 ሴኮንድ ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለ ዕቃ ሁሉ የክብደቱን 30 እጥፍ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። ካሜራውና ማሰሪያው አንድ ላይ 600 ግራም ቢመዝኑ፣ ማሰሪያው በዚያች ቅጽበት 18 ኪሎ መሸከም አለበት። ካልቻለ ከኋላ የታሰረው ካሜራ የአሽከርካሪውን ማጅራት ወይም የጎን ተሳፋሪውን ፊት የሚያገኝ ድንጋይ ይሆናል። የተወሰደው ፍጥነት የከተማ መንገድ ፍጥነት መሆኑም ልብ ይባል፤ ሜዳ ላይ ቀጥታው መንገድ ሲገኝ ፍጥነቱ ከዚህ በእጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

ከሁሉ የተሻለው የማሰሪያ ቦታ ሮል ኬጅ ነው። ይህ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይደፋ ከወለሉ ጋር የሚያያዝ የብረት ቱቦ ቅስት ነው። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ የዋናው ቅስት ቱቦ ዲያሜትር 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ የግድግዳው ውፍረት ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቱቦ አይታጠፍም፣ ከመኪናው አካልም ጋር አንድ ነው። ይሁን እንጂ መብሳትም መበየድም ፈጽሞ አይገባም፤ አንዲት ቀዳዳ ቱቦው ከዚያ ቦታ እንዲሰበር መንገድ ትከፍታለች። የሚፈቀደው ዙሪያውን ጨብጦ በብሎን የሚጠብቅ የብረት ወይም የአሉሚኒየም መቆንጠጫ ነው። መቆንጠጫው ከቱቦው ልክ ጋር መግጠም አለበት፤ ለ38 ሚሊ ሜትር የተሠራን 45 ላይ በግድ ማስገባት ጫፎቹ ብቻ እንዲነኩ ያደርጋል። እንዳይንሸራተት በመካከሉ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ የተቆረጠ ስስ ላስቲክ ማድረግ ይጠቅማል። ወፍራም ስፖንጅ ግን ንዝረት ይቀንሳል ተብሎ ሲደረግ ይታያል፤ ካሜራው እንዲወዛወዝ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም።

ካሜራውን ከመቆንጠጫው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ለብቻው ሊወራለት ይገባል። የካሜራ ቀዳዳ የዓለም መለኪያው ሩብ ኢንች ውፍረትና በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ነው። ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ለዓይን ተመሳሳይ ይመስላል። ካሜራው ውስጥም ይገባል፣ ጥቂት ዙርም ይዞራል፤ ጥርሱ ግን አይገጥምም። ሲጠብቅ የካሜራውን ጥርስ ይበላል፤ ባይበላውም እንኳ ከሁለት ዙር ሩጫ በኋላ ይላላል። ብሎኑ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ርዝመት ደግሞ ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም፤ ከረዘመ የካሜራውን ቅርፊት ይገፋል። ትርፍ ርዝመት ካለ በሮንዴላ ይሞላል።

ሮል ኬጅ በሌለው መኪና ቀጥሎ የሚመረጠው የፊት ወንበር የራስ መደገፊያ ሁለቱ የብረት ዘንጎች ናቸው። በሁለቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አግድም አስሮ ካሜራውን እዚያ ላይ ማቆም ይቻላል። ሁለት ቦታ ስለተያዘ አይዞርም። ባዶ ወንበር ግን ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የወንበሩን መደገፊያ እስከ ቻለ ማቅናትና የደህንነት ቀበቶውን ወጥሮ ወንበሩ ላይ መቆለፍ ይረዳል። የትኛውም ማሰሪያ ኤርባግ በሚወጣበት መንገድ ላይ መሆን የለበትም። የጎን ተሳፋሪው ዳሽቦርድ ፊት ብቻ አይደለም ይህ ቦታ፤ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ኤርባግ አለ።

መስታወት ላይ በአየር ግፊት የሚጣበቀው ክብ ላስቲክ ለመግጠም ቀላል ስለሆነ ይወደዳል። የሚይዘው በራሱ ጉልበት ሳይሆን ውጭ ያለው አየር ስለሚጫነው ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ አየሩ በሙሉ ቢወጣለት ወደ 50 ኪሎ ሊይዝ ይችላል። ከፍታ ላይ ሲወጣ ይህ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ባቄላና አተር ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገዩትም ውሃው በዚሁ ምክንያት በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ያው ላስቲክ እዚህ 38 ኪሎ ያህል ነው የሚይዘው። ፎርሙላ ዋን የሚካሄድበት የሜክሲኮ ሲቲ ሜዳም ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ያው ነው። ጭነቱ ሳይበዛ አቧራ፣ የጣት ቅባትና የፀሐይ ሙቀት ቀስ በቀስ አየር ያስገባሉ። ስለዚህ ላስቲኩም መስታወቱም በአልኮል ተጠርገው መድረቅ አለባቸው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊትም እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ብዙ ሜዳዎች ይህን ዓይነት ማሰሪያ ጭራሽ አይፈቅዱም፤ ትክክልም ናቸው።

በየትኛውም ዘዴ ቢታሰር ሁለተኛ ማሰሪያ ግዴታ ነው። ይህ ቀጭን የብረት ገመድ ሲሆን አንድ ጫፉ ካሜራው ላይ፣ ሌላው ከዋናው ማሰሪያ ጋር ግንኙነት በሌለው ቦታ ላይ ይታሰራል። መቆንጠጫው ላይ መልሶ ማሰር ትርጉም የለውም፤ መቆንጠጫው ከወደቀ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ገመዱ አጭር ይሁን፤ ካሜራው ቢፈታ ሰው ጋ መድረስ የለበትም።

የንዝረት ጉዳይ ከደህንነቱ ቀጥሎ ብዙ የሚያለፋው ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ይመታል። የካሜራው የምስል ዳሳሽ ደግሞ ምስሉን በአንዴ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። በንባቡ መካከል ካሜራው ከተንቀጠቀጠ ቀጥ ያለው የበር ዓምድ እንደ እባብ ተጥመልምሎ ይታያል። መፍትሔው ክንዱን ማሳጠር ነው። በተመሳሳይ ኃይል የአንድ ክንድ መታጠፍ ከርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ይጨምራል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው 20 ሲሆን መታጠፉ በእጥፍ ሳይሆን በ8 እጥፍ ያድጋል። አጭር ክንድ የማይበቃ ከሆነ ከካሜራው ወደ ሌላ የቱቦ ክፍል ሁለተኛ ድጋፍ ይሰጠዋል።

ካሜራው ራሱ ምስል የሚያረጋጋበት ቅንብር መኪና ውስጥ መዘጋት አለበት። ይህ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር ነው። ቅንብሩ የሚሠራው የካሜራውን መዞር እየለካ ምስሉን ወደ ተቃራኒው በመግፋት ነው። መኪናው ኩርባ ሲይዝ ካሜራውም አብሮ ስለሚዞር፣ ያ መዞር እንደ እጅ መንቀጥቀጥ ይቆጠራል፤ መሪውና ዳሽቦርዱ ምስሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሳፈፋሉ።

ቦታው የሚመረጠው ከምስሉ በሚፈለገው ትምህርት ነው። በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ በአሽከርካሪው ትከሻ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ካሜራ እጆቹን፣ መሪውን፣ ማርሹንና ፊት ለፊት ያለውን መንገድ በአንድ ላይ ያሳያል። ፍሬን የተያዘበት ቦታ፣ መሪው የዞረበት ቅጽበት፣ ከኩርባ ሲወጡ ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ የሚነበቡት ከዚህ ነው። በጣም ሰፊ ሌንስ ሁሉን ነገር ያስገባል፤ ግን መንገዱን ያርቀዋል። መካከለኛ ስፋት ይሻላል። ትኩረቱ በእጅ ሩቅ ላይ መቆለፍ አለበት፤ አለዚያ ካሜራው የፊት መስታወቱ ላይ ባለው ቆሻሻ ላይ ያተኩራል። ብርሃኑም የሚለካው ከመስታወቱ ውጭ ባለው መንገድ ነው። ውስጡን አይቶ ከለካ መንገዱ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ባሕሬንና ዱባይ ባሉት ሜዳዎች የቀትር ፀሐይ ይህ በግልጽ ይታያል።

ድምፅ ችላ ይባላል፤ ሞተሩን በጆሮ መከታተል ግን ማርሽ የተቀየረበትን ጊዜ በትክክል ይነግራል። መስኮቶች ተከፍተው ሲነዳ የካሜራው የራሱ ማይክሮፎን ከነፋስ ሌላ አይቀዳም። በስፖንጅ የተሸፈነ ትንሽ ማይክሮፎን በጎን ተሳፋሪው እግር ሥር ወይም በዕቃ መጫኛው ውስጥ ማድረግ ነገሩን ይፈታል። ሽቦው በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በናስትሮ ይያዝ፤ ወደ ፔዳሎቹ የሚወርድ ሽቦ አይኑር።

ስለ ካርድ፦ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል፤ የ20 ደቂቃ ሩጫ 15 ጊጋባይት ነው። ለአንድ ቀን ሙሉ ባለ 128 ይበቃል።

ከመሄድ በፊት የሜዳውን ደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተውና 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት እየነዱ መቅረጽ አይፈቀድም። ሌሎች ሜዳዎች ይፈቅዳሉ፤ ግን ተቆጣጣሪው ማሰሪያውን በእጁ ነቅንቆ ካላረጋገጠ አያስገባም። የራስ ቁር ላይ ካሜራ መለጠፍ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ቁሩ እንዲንሸራተት የተሠራበትን ቅርፅ ያበላሻል።

ተቆጣጣሪው የሚያደርገውን ባለቤቱ አስቀድሞ ማድረግ ይችላል። ማሰሪያውን በሁለት እጅ ይዞ መላው መኪና እስኪወዛወዝ መጎተት ነው፤ መኪናው ሲነቃነቅ ማሰሪያው ብቻውን ካልተነቃነቀ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ በብሎኑ ራስና በመቆንጠጫው ላይ አንድ ቀጥተኛ መስመር በጥፍር ቀለም ይሰመራል። ከመጀመሪያው ሩጫ ሲመለሱ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ መስመሩ ይታያል። ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ በብሩጎላ ይጠብቅና አዲስ መስመር ይሰመርበታል።