ፋፋ ከምን ተሠራ?

«ልጁ ፋፋ» ስንል ወዝ አወጣ፣ አደገ ማለታችን ነው። በ1962 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ ኋላም የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ክፍል፣ የሕፃናት ዱቄቱን በዚህ ቃል ሰየመው። እንደኔ እንደኔ ስሙ ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው!

ዱቄቱ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄትና ስኳር አለበት፤ ቫይታሚንና ማዕድንም ተጨምሮበታል። ስንዴ ብቻውን ለምን አልበቃም? ፕሮቲን የሚገነባው ከአሚኖ አሲዶች ነው። ስንዴ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ ሽምብራ ይህንኑ ይሞላለታል። ሽምብራ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ ስንዴው ያመጣል። አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናል ማለት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃም። ቤት የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን አጥሚት ነው፤ ትንሿን ሆድ ውሃው ይሞላታል። ታናሽ ሲወለድማ ትልቁ ጡት ይነጠቃል። ክዋሺዮርኮር የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው፤ እግርና ፊት ያብጣል። ጉዱ ይኸውላችሁ፦ እብጠቱን ያየ ጎረቤት «ልጁ ፋፋ» ሊል ይችላል። የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ጉድጓዱ ከቀረ ውፍረት አይደለም፤ ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ፋፋ በማይገኝበት ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ሽምብራ ጋር ቆልቶ መፍጨት ይቻላል። ብረቱና ቫይታሚኑ ግን በዚህ አይገኝም፤ ገንፎው ላይ እንቁላል ወይም የደቀቀ ጎመን ይጨመርበት።