የወጣቶች ማኅበር፣ ለችግረኛ ልጆች ሁለተኛ ቤት

በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በረሃብ የተጎዱ ወገኖቻችን ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ወደ ፓዌ መጥተው በቁጥር በተሰየሙ መንደሮች ሰፈሩ፤ ከነባሩ የጉሙዝ ሕዝብም ጋር ጎረቤት ሆኑ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታቸው አፈናቀለ። የተፈናቀለና የደኸየ ልጅ ከትምህርት ሲቀር ማን ይፈልገዋል?

ለዚህ ጥያቄ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ መልስ ትቶልናል። በ1841 (እ.ኤ.አ.) በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ አንድ ወላጅ አልባ ወጣትን በማስተማር ጀመረ። ቀጥሎም ለድኾች ልጆች የመጫወቻ ስፍራና የማታ ትምህርት አዘጋጀ፤ ስለ ሥራ ለማጆቹም ደመወዝና ዕረፍት ከአሠሪዎቻቸው ጋር ውል ተዋዋለ። ልጆቹ ለጨዋታ መጡ፤ በፍቅር ተይዘው ለትምህርት ቆዩ። የእርሱ ማኅበር ልጆች በአገራችን በመቀሌ፣ በዝዋይና በዲላ ይህንኑ ሥራ ቀጥለዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለወጣቶች ማኅበር ትልቅ ሕንጻ እንደማያስፈልገው ነው። አንድ ክፍል፣ የማታ መብራት፣ ኳስና የልጆቹን ስም የሚያውቅ ታላቅ ይበቃሉ። የሰፋሪውና የጉሙዙ ልጅ በአንድ ቡድን ሲጫወቱና በአንድ ጠረጴዛ ሲያጠኑ ወላጆቻቸውም ይቀራረባሉ።

እንግዲህ በየቁምስናችን እንጠያየቅ፤ ዛሬ የቀረው ልጅ ማን ነው? ወደ ቤቱስ ማን ይሂድ?