የሰማያዊ እንቁላል ምስጢር

ቫይረስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሽታ ነው። ሬትሮቫይረስ ግን ሌላም ጠባይ አለው፤ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ በሴሉ ክሮሞሶም ውስጥ ይገባል። ሴሉ የዘር ሴል ከሆነ ደግሞ የገባው ዲኤንኤ እንደማንኛውም ጂን ለጫጩት ይወረሳል።

ለምሳሌ የቺሊ አራውካና እና የቻይና ዶንግሺያንግ ዶሮዎች ሰማያዊ እንቁላል ይጥላሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች ምክንያቱን አሳዩ፦ ኢኤቪ-ኤችፒ የተባለው የቆየ ሬትሮቫይረስ ኤስኤልሲኦ1ቢ3 ከተባለው ጂን አጠገብ ገብቷል። በዚህ የተነሳ ጂኑ ቅርፊት በሚሠራበት የዶሮዋ ማህፀን ውስጥ በኃይል ይሠራል፤ ቢሊቨርዲን የተባለው ቀለምም ቅርፊቱ ላይ ያርፋል። የሚገርመው በሁለቱ አገር ዶሮዎች የገባበት ቦታ በጥቂቱ ይለያያል፤ ለየብቻ ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው።

እንግዲህ የቫይረስ ቅሪትን ሁሉ «ቆሻሻ ዲኤንኤ» ብለን ከማለፋችን በፊት አጠገቡ ያለውን ጂን እንይ።