የሐይቅ ዳር ረግረግ ቢታረስ ምን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው መርሳ ነው። ወደ ደሴ ስሄድ የሐይቅን ዳርቻ አየዋለሁ። መሬቱ ለም ነው፤ ሥራ ያጣ ወጣትም ብዙ ነው። ረግረጉ ተጠንፍፎ ቢታረስ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ረሃብ ባየ አገር ለም መሬት ጦሙን ሲያድር ማየት ያስቆጫል። ረግረግ ግን ሥራ ፈት መሬት አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፉ ከተራራው አፈር ጠርጎ ሲወርድ ፊላውና ደንገሉ ፍጥነቱን ይገቱታል፤ ደለሉ ሥራቸው ላይ ይቀራል፣ ውኃው ተጣርቶ ይገባል። አምባዛም እንቁላሉን የሚጥለው በዚያው ወቅት፣ ውኃ በተኛበት የዳርቻ ሣር ውስጥ ነው። ሣሩ ከታረሰ ዓሣ አጥማጁ የነገውን ዓሣ ያጣል።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች ግን በእርሻ ተመናምነዋል፤ ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ባለ ረጅም እግር ወፎች ማረፊያቸው ጠቧል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ቢመዘግበውም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየውን የእምቦጭ አረም ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ እየመገበው ነው።

የሐረማያ ሐይቅማ ለመስኖና ለከተማ ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው ኖሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደረቀ።

ስለዚህ ውኃውን የተጠጋው ፊላ አይነካ። ከእሱ በላይ ያለው ሣር በተራ እየታጨደ ለከብት ይዋል፤ ወጣቱም በንብ ማነብና በዓሣ ሥራ ይደራጅ። የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የእርሻውን ወሰን ከነዋሪው ጋር ተስማምተው ክረምቱ ሳይገባ ይከልሉ።