ውስብስብ ጨዋታ ጀማሪን ይስባል?

«ጨዋታው ስለሚከብድ ነው ሰው የማይጀምረው» የሚል አለ። «ባይከብድማ ማን ዓመታት ይቆይበት ነበር?» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ውስብስብነት ነው።

ምሳሌያችን

«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበ፣ ካርታዎቹ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የታሸጉ ፓኬቶች ይገዛል፤ ከሰበሰባቸውም መርጦ ቢያንስ 60 ካርታ ያለው የራሱን ድርድር ያዘጋጃል። ሁለቱም ተጋጣሚዎች በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ፤ ነጥቡ ቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ካርታዎች የየራሳቸው ትእዛዝ ተጽፎባቸዋል፤ ትእዛዙና የጨዋታው ሕግ ሲጋጩ የሚረታው ካርታው ነው። ሙሉ ደንቡም ከ200 ገጽ ይበልጣል።

ሦስቱ ዓይነቶች

የማጂክ ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሮዝዋተር ውስብስብነትን በሦስት ይከፍለዋል።

1. የመረዳት፦ ካርታው ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?
2. የጠረጴዛ፦ የተዘረጉት ካርታዎች አንዱ በሌላው ላይ ምን ያደርጋሉ?
3. የስልት፦ አሁን የትኛውን ብጫወት ይሻለኛል?

ጀማሪን የሚያባርሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው ገና ስለማይታየው አያስፈራውም። ገበጣን አስቡ፦ ልጅ ጠጠር መዝራቱን ወዲያው ይለምዳል፤ አያቱ ለምን ሁልጊዜ እንደሚያሸንፉት ግን አይገባውም። ይህ አለማወቁ «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገም!» ያሰኘዋል እንጂ አያስኮበልለውም።

ከስሕተት የተገኘ ትምህርት

በ2006 የወጣው «ታይም ስፓይራል» የተባለው የማጂክ ስብስብ በአሮጌና በአዲስ የአጨዋወት ደንቦች የተጨናነቀ ነበር። ነባሮቹ ወደዱት፤ አዲሶቹ ግን ግራ ተጋቡ። አዘጋጆቹ ከዚያ በኋላ አሠራራቸውን ለወጡ፤ ሮዝዋተርም በ2011 ለሕዝብ አብራራው። አዲሱ አሠራር፣ ጀማሪ እጅ በብዛት የሚገቡት በየፓኬቱ የሚበዙት ተራ ካርታዎች ስለሆኑ እነሱ ይቅለሉ፤ ውስብስቡ ነገር እምብዛም ወደማይገኙት ካርታዎች ይሂድ የሚል ነው።

ሁለት ማነጻጸሪያዎች

በ2014 የወጣው «ሃርትስቶን» የተባለው የዲጂታል ካርታ ጨዋታ ድርድሩን 30 ካርታ አደረገው። ካርታ ለማውጣት የሚከፈለው ማና በየተራው በራሱ አንድ እየጨመረ 10 ይደርሳል፤ በባላጋራ ተራም ጣልቃ መግባት የለም። ሚሊዮኖች ገቡበት። ጋርፊልድ ራሱ የተሳተፈበት የ2018ቱ «አርቲፋክት» በአንጻሩ ጀማሪውን ከመጀመሪያው ሦስት የጦር ሜዳ በአንዴ አስያዘው። ተጫዋቾቹ በወራት ውስጥ ሸሹት፤ በ2021 ሥራው ቆመ። የካርታዎቹ አሻሻጥም ሰውን አስከፍቶ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በውስብስብነቱ ላይ መጣል ግን አይገባም።

ማጠቃለያ

ውስብስብነት የገባውን ያቆያል እንጂ በር ላይ የቆመውን አይጠራም። እናንተም ጓደኛችሁን ስታስተምሩ ደንቡን ከማንበብ አትጀምሩ። ሁለት ቀላል ድርድሮች አዘጋጁና ተጫወቱ። ተሸንፎ «ለምን ተሸነፍኩ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ትምህርቱን ያኔ ጀምሩለት።